ምላጭ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል

«ይድረስ ለዶክተር፤

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጠቅላላ ቀዶ ጥገና የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም) ነኝ፤ ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ባለፈው እሑድ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ ትርፍ አንጀት የታመመ ገበሬ መጣ። ሲኒየሬ «ዛሬ አንቺ ትከፍቻለሽ» አለኝ። ምላጩን ስቀበል እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስተሯ አየችኝ፤ ሁለቱ ኢንተርኖች አዩኝ፤ ሰመመን ሰጪው ከመጋረጃው በላይ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ቆዳውን ጫር ጫር አደረግሁት እንጂ አልከፈትኩትም። ሲኒየሬ ምላጩን ከእጄ ወስዶ «ይህ እጅ ሊጥ ቢያቦካ ይሻለው ነበር» አለና ሁሉም ሳቁ። ቀሪውን እሱ ሠራው። መጨረሻ ላይ ቆዳውን ሰፍቼ ወጣሁ፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼም አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ የተረኝነቴ ቀን ሲደርስ ምግብ አይወርድልኝም። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ቀዶ ሐኪም ልትሆን ነው» ብላ አውርታለች። ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ያ ገበሬ ነው፤ ምንም ሳያውቅ ልለማመድበት ነበር። ወደ ራዲዮሎጂ ልቀይር ወይስ ልታገሥ? ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩ ይሆን?»

ልጄ፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱን ጊዜ ዓይኔ የሄደው አንቺ ወዳሳየሽኝ ቦታ ነው፤ ወደ ምላጩ፣ ወደ ሳቁ፣ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል። በሦስተኛው ግን አንቺ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ዐረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ፤ «መጨረሻ ላይ ቆዳውን ሰፍቼ ወጣሁ» ትያለሽ። ስለዚህ መልስ ከመጻፌ በፊት ሦስት ጥያቄ ላክሁልሽ። ስፌቱ ስንት ነበር? አጠገብሽ ማን ነበር? እጅሽስ? የመለስሽልኝን አንባቢዎችም ይስሙት። ስፌቱ ሰባት ነው። ሲኒየርሽ ጓንቱን አውልቆ የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ ሊጽፍ ወጥቶ ነበር፤ ኢንተርኖቹ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተጠርተው ነበር፤ ሲስተሯ መሣሪያዎቿን ትቆጥር ነበር። ስለ እጅሽ የጻፍሽልኝ አንድ ቃል ነው፦ «አላስተዋልኩም።»

ጠማማዋን መርፌ በአንደኛው የቆዳ ጠርዝ አስገብተሽ በሌላኛው አውጥተሽ፣ ቋጥረሽ፣ ክሩን ቆርጠሽ፣ ይህንኑ ሰባት ጊዜ ስትደጋግሚው እጅሽ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ኖሮ ሰባት ጊዜ ታስተውይው ነበር። እጁ ያው እጅ ነው፤ ቆዳውም ያው፣ ሌሊቱም ያው። የተቀየረው አንቺን የሚያይ ዓይን ቁጥር ነው። እንደ እኔ ግምት አንቺን ያስፈራሽ ስትቆርጪ መታየቱ ነው፤ መቁረጡን ገና አላወቅሽውም፣ ልትፈሪውም አልደረስሽም። ይህ ትንሽ ልዩነት እንዳይመስልሽ። ሥጋ መቁረጥ የሚያንገፈግፈው ሰው ሌላ ሙያ ቢፈልግ አልከለክለውም። መታየት ለሚያስፈራው ሰው ግን ብዙ የማውቀው ነገር አለ፤ ራሴ እንደዚያ ስለነበርኩ።

አስቀድሜ መንቀጥቀጡን ራሱን ላንሣ። ፍጹም የማይንቀጠቀጥ እጅ በዓለም ላይ የለም። የማንኛውም ጤነኛ ሰው እጅ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ መጠኑ ስለሚያንስ አይታይም። እጅሽን ዘርግተሽ ጣቶችሽ ላይ ስስ ወረቀት ብታስቀምጪ ጫፉ ሲርድ ታያለሽ። ስንደነግጥ በደማችን ውስጥ የሚለቀቀው አድሬናሊን ያንኑ መርገብገብ ያጎላዋል። እንቅልፍ ማጣትም ያጎላዋል፤ ባዶ ሆድም፤ ቡናም። ተረኛ ሬዚደንት ምን እንደሚበላ ደግሞ አልረሳሁም፦ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን በአንድ ሌሊት፣ በመሐሉ ግማሽ ደረቅ ዳቦ። በተረኝነትሽ ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቡና ተዪ፤ ከመታጠብሽ በፊት አንድ ነገር ቅመሺ፤ ውኃ ጠጪ። ጿሚ ከሆንሽና እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ጆሮሽ ጭው ካለ፣ ማዛጋትና ላብ ከመጣብሽ ደግሞ «ልቀመጥ ነው» ብለሽ ከጠረጴዛው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሂጂና ወለሉ ላይ ተቀመጪ። ወደ ፊት ወድቆ የተከፈተ ሆድ ላይ ከመደፋት ወለል ላይ መቀመጥ ይሻላል፤ ይህን ያላደረገ ቀዶ ሐኪም ካገኘሽ አንድም ቅዱስ ነው፣ አንድም ይዋሻል።

አንዳንዶች ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን የልብ መድኃኒት ለዚሁ ብለው በድብቅ ይውጣሉ። መንቀጥቀጥ እንደሚቀንስ እውነት ነው። አስም ያለበትን ሰው ሊገድለው እንደሚችልም እውነት ነው። ሐኪም ነሽና ለራስሽ እንዳታዢ።

አሁን ወደ ራሴ። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገናዬ የብሽሽት ቡአ ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ የፎርሴፕሱ (የመቆንጠጫው) ሁለት ጫፎች ቲክ ቲክ ይሉ ነበር፤ ድምፁን ዛሬም እሰማዋለሁ። መሣሪያ የምታቀብለኝ ሲስተር እናቴ ልትሆን የምትችል ሴት ነበረች። ምንም አላለችም። አንድ ንጹሕ ጨርቅ አራት ጊዜ አጠፈችና የቀኝ እጄ አንጓ ሥር፣ ሕመምተኛው ጭን ላይ አስቀመጠችው። አንጓዬ እንዳረፈ ቲክታው ቆመ። በኋላ ሻይ ስንጠጣ «አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ» አለችኝ። «ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው የሚጽፉት። እጃቸውን ሳያሳርፉ አንዲት ፊደል አይጥሉም ነበር። አንተ አየር ላይ ልትጽፍ ነው የፈለግኸው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአየር ላይ ጽፌ አላውቅም። አንጓሽን ወይም ቢያንስ ትንሿን ጣትሽን ሕመምተኛው ላይ አሳርፊ፤ ክርንሽን ወደ ጎንሽ አስጠጊ። ምላጩን በጣትሽ ጫፍ እንደ እርሳስ አትያዢው፤ ለረጅሙ የቆዳ ቅድ እንደ ካራ ያዢውና ከትከሻሽ ሳቢው። «ጫር ጫር አደረግሁት» ያልሽው የዚህ ውጤት ይመስለኛል። የፈራ እጅ ይለሳለሳል፤ ለስላሳ እጅ ደግሞ ቆዳን አይከፍትም፣ ይቧጥጠዋል። በግራ እጅሽ ቆዳውን ወጥረሽ፣ ምላጩን ቀጥ አድርገሽ አንድ ጊዜ ሳቢ። ሴት አያትሽ ዶሮ ስትበልት አይተሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ፤ አሥራ ሁለቱን ብልት የምታወጣው መጋጠሚያውን በጣቷ ፈልጋ፣ ወጥራ፣ አንድ ጊዜ በመሳብ ነው። ቢላዋዋን የምታመላልስ ልጅ ዶሮዋን ታበላሻታለች።

ሌላ ነገር ልጠይቅሽ፦ የጓንትሽ ቁጥር ስንት ነው? በደብዳቤሽ የለም፤ ግን ልገምት። መደርደሪያው ላይ የተረፈው 7½ ነው፤ የአንቺ እጅ 6 ወይም 6½ ነው። የጣቱ ጫፍ ላይ ባዶ ጎማ እየተንጠለጠለ ክር መቋጠር ጓንት አድርጎ መርፌ ላይ ክር እንደ መስካት ነው። ጠረጴዛውስ? ለሲኒየርሽ ቁመት ከፍ ብሎ ከነበረ አንቺ ትከሻሽን ሰቅለሽ ነው የሠራሽው፤ የተሰቀለ ትከሻ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እጅን ያንቀጠቅጣል። መቆሚያ ይምጣልኝ በይ። በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ለረጃጅም ወንዶች የተለካ ይመስላል፤ ብዙ ጎበዝ ሴት ሬዚደንቶች «እጃቸው ሰነፍ ነው» ተብለው ሲታሙ ሰምቻለሁ፤ ሰነፉ ጠረጴዛው ነበር።

ልምምዱን በአጭሩ። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የምትማሪው ነገር እጅሽ ቀድሞ ያወቀውን መሆን አለበት። ክር መቋጠር አልጋሽ ላይ ተቀምጠሽ፣ ዜና እየሰማሽ፣ በግራ እጅሽም የምትሠሪው ነገር ይሁን። ጥልቀት ለመልመድ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ውሰጂ፤ ከታች ቀለበት አስሪበትና ጣሳው ውስጥ ቋጥሪ፤ ጠርዙን ከነካሽ አልተሳካም በይ። የውጭ መጻሕፍት የአሳማ እግር ላይ ስፉ ይላሉ። እኛ በግ አለን። በበዓል ቀን እናትሽ አንጀቱን ከማጠቧ በፊት አንድ ክንድ ያህል ለምኛት፤ በቀጭን ክር አንዱን ጫፍ ከሌላው ገጣጥመሽ ስፊና ውኃ ሙዪበት። የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ትቆጥሪያለሽ። የተጠቀምሽበትን ግን ወደ ድስቱ እንዳትመልሺው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ዓይኖቹ።

የእኛ ሰው ሲፈራ ዝም ይላል። ለታላቅ አለመመለስ፣ «አልቻልኩም» አለማለት፣ ይሉኝታ፤ ቤት ውስጥ ጨዋ የሚያሰኘን ይህ ነው። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ግን ዝምታ ሕመምተኛውን ይጎዳል። አንቺ «ዛሬ አንቺ ትከፍቻለሽ» ስትባዪ ምን መለስሽ? ደብዳቤው ላይ ምንም የለም፤ ምንም አልመለስሽም ማለት ነው። ሲኒየርሽ ከዚህ በፊት ስንት እንደከፈትሽ ላያውቅ ይችላል። ምናልባትም ሁለት ሦስት የከፈትሽ መስሎታል። እጅሽ የተንቀጠቀጠው ያንን ምስጢር ተሸክመሽ ስለገባሽ ጭምር ነው፤ የሚያውቁብሽ መቼ ይሆን እያልሽ።

በሚቀጥለው ተረኝነትሽ እጃችሁን እየታጠባችሁ ሳለ፣ ሕመምተኛው ጠረጴዛው ላይ ሳይወጣ በፊት፣ ሲኒየርሽን እንዲህ በዪው፦ «አምስት ትርፍ አንጀት ረድቻለሁ፤ ቆዳ ሰፍቻለሁ፤ ከፍቼ አላውቅም። ዛሬ ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ስብ እከፍታለሁ፤ ከጡንቻው ጀምሮ አንተ ትቀጥላለህ፤ ሲያልቅ እኔ እዘጋለሁ። እጄ መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያርፍ ይተዋል።» ቁጥሩን እንደ እውነቱ ቀይሪው። ይህን የሰማ ሲኒየር ሁለት ነገር ያገኛል፤ ከየት ጀምሮ እንደሚጠብቅሽ ያውቃል፣ ሲንቀጠቀጥም አይደነግጥም። አንቺም የምትደብቂው ነገር አይኖርሽም።

ለዚህ የሚያግዝ ወረቀትም አለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ጥገና ደኅንነት ማመሳከሪያ 19 ነጥቦች አሉት። በስምንት ከተሞች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 ሲታተም ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሞተው ሰው ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ከከተሞቹ አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ናት፤ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው የሚል ካለ ንገሪው። ቆዳ ከመከፈቱ በፊት ከሚደረጉት ነገሮች አንዱ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን መናገሩ ነው። ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ ወረቀቱ በአንድ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሲሞላ ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለሽ። አንቺ ግን ተራሽ ሲደርስ ጮክ ብለሽ ስምሽን ተናገሪ፤ «የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት ነኝ፤ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» በዪ። ስሙን የተናገረ ሰው ከሚያዩት ወገን መሆኑ ይቀርና ከሚሠሩት አንዱ ይሆናል። እንዴት እንደሆነ ማስረዳት አልችልም፤ እኔ ላይ ግን ሠርቷል።

ስለ ሊጡ። ምላጩን ከእጅሽ መውሰዱ ስድብ አልነበረም። ቆዳው እየተቧጠጠ ሳለ መውሰድ ነበረበት፤ እኔም ብሆን እወስደው ነበር። ስድቡ ቃሉ ነው፤ ለወንድ ሬዚደንት «ሊጥ አቡካ» እንደማይለው አንቺም እሱም ታውቃላችሁ። ሁለቱን አትቀላቅያቸው። አንድ ቀን ብቻውን ስታገኚው፣ በሰው ፊት ሳይሆን፣ «ምላጩን ስትወስድብኝ ምን አይተህ ነው?» ብለሽ ጠይቂው፤ መልሱን ጻፊው። ቀጥለሽም «የሊጡን ነገር ግን አትድገመው» በዪው። ካልተወ ክፍሉን ለሚመራው አስተማሪ ሐኪም በጽሑፍ ይድረስ። እኔም ተራዬ ደርሶ ሲኒየር ስሆን ምላጭ ነጥቄ ቀልጃለሁ፤ ሁለቱን ልጆች ስማቸውን አስታውሳለሁ፤ አንደኛው ቀዶ ጥገናን ትቶ ሄደ። ማንም ስላልተቆጣኝ ለዓመታት ጥፋት አልመሰለኝም ነበር።

ደግሞስ ሊጥ የሚያቦካ እጅ ምን ሆነ? ማሚቱ ጋሼን ታውቂያታለሽ? በመጀመሪያ ወሊዷ ፊስቱላ ደርሶባት ከገጠር መጥታ የታከመች፣ ያኔ ማንበብና መጻፍ የማትችል ልጅ ነበረች። ድና ስትቀር አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ ከዚያ በቀዶ ጥገና ክፍል የነዶክተር ካትሪን ሀምሊን ረዳት ሆነች፤ ዓመታት እያየችና እየረዳች ቆይታ ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ጥገና ሠራች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጣት። እሷ ስትረዳ ቆይታ ነው የቆረጠችው። አንቺ አራት ወርሽ ነው።

አሁን ገበሬው። በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ ላጽናናሽ ብዬ አልዋሽሽም። አዎ፣ እየተማርሽበት ነበር። እኔም ያን የቡአ ሕመምተኛ ተምሬበታለሁ፤ እያንዳንዱ ቀዶ ሐኪም የመጀመሪያውን ሰው ተምሮበታል። እነዚያ የመጀመሪያ ሰዎች ደግሞ በብዛት ድሆች ናቸው፤ ሀብታሙ የግል ሆስፒታል ሄዶ በአሥረኛ ዓመቱ ላይ ያለ ሐኪም እጅ ይገባል። ይህ አድልዎ ነው። አንቺ ብትለቂ ግን አይጠፋም፤ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ ምንም የማይከነክነው ሌላ ሰው ይቆማል።

ዕዳ አለብሽ፤ የሚከፈለውም በጥቃቅን ነገር ነው። ሕመምተኛው ቀዶ ጥገና ክፍል ከመግባቱ በፊት አልጋው አጠገብ ሄደሽ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ ማን እንደሆንሽ ንገሪው፦ «አባባ፣ እኔ በመማር ላይ ያለሁ ሐኪም ነኝ፤ ከእኔ ጋር ትልቁ ሐኪም ይኖራል፤ የምሠራው እሱ እያየ ነው።» አልፈልግም ካለ መብቱ ነው። እኔ ያየሁት ግን አብዛኛው «እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ» ብሎ ነው የሚመልስልሽ፤ ያ ምርቃት ከየትኛውም ክኒን በላይ እጅ ያሳርፋል። ትልቁ ሐኪም አጠገብሽ ከሌለ ደግሞ አትንኪው። «ጀምሪ፣ እመጣለሁ» ተብለሽ ብትታዘዢም አትጀምሪ። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በማግሥቱ ራስሽ ሂጂ፤ ሆዱን ዳስሺ፣ ቁስሉን እዪ፣ ስሙን ያዢ።

ስለ ራዲዮሎጂ፤ ጥሩ ሙያ ነው፤ መሸሻ ቦታ ግን አይደለም፤ እዚያም ሌላ ፍርሃት ይጠብቅሻል። ስድስት ወር ስጪው። በስድስት ወር ውስጥ ከላይ ያልኩሽን አድርገሽ አሁንም ተረኝነት በመጣ ቁጥር የማትበዪና የማትተኚ ከሆነ የሥነ አእምሮ ሐኪም አነጋግሪ፤ እግረ መንገድሽንም ስለ ሙያው አስቢበት፤ ያኔ መቀየር ሽንፈት አይሆንም። እስከዚያው ግን አንድ ነገር አጣሪ፦ ስኒ ስትይዢም፣ ቤትሽ ሆነሽም እጅሽ ይንቀጠቀጣል? ከወላጆችሽ እጁ የሚንቀጠቀጥ አለ? ክብደትሽ ቀንሷል፣ ልብሽ ይመታል? እንደዚያ ከሆነ የእንቅርት ዕጢሽ ምርመራ ይታይልሽ። የእንቅርት ሕመም የሞላበት አገር ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገር በፍርሃት ማሳበብ አይገባም። ለእናትሽም ገና ዓመታት እንደሚቀሩሽ ንገሪያት፤ ሰፈሩ ይጠብቃል።

ስሌቴ ካልተሳሳተ ገበሬው ስፌቱን ለማስወጣት የሚመለሰው በዚህ ሳምንት ነው። ለነርሷ አትተዪው። ሰባቱንም ክር አንቺው አውጪለት፤ እንዴት እንደያዘም እዪው።